የጀልባው ሆድ ሲቃና፦ ከፖቶማክ ዳር የሥራ ማስታወሻ

ማርች አጋማሽ

ጀልባዋ 17 ጫማ ናት፤ በ1980ዎቹ የተሠራች፣ ሆዷ ቪ-ቅርጽ፣ አካሏ ፋይበር ግላስ። ከኋላዋ 150 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ተንጠልጥሎባታል። ባለቤቷን እዚህ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን። ፍጥነት ፍለጋ ያላደረጉት የለም፦ ፕሮፔለር በፕሮፔለር ላይ ገዝተዋል፣ ካርቡሬተር አስጠርገዋል፣ የኋላ መቀመጫ ሳይቀር ፈትተው ክብደት ቀንሰዋል። ጀልባዋ ግን ከ52 ማይል በሰዓት ወይ ፍንክች። አሁን ደግሞ ባለ 200 ሞተር አማራቸው። ከ20 ጫማ በታች የሆነ ጀልባ ላይ የሚለጠፈው የአቅም ሰሌዳ ለዚህች ጀልባ 150 ላይ እንደሚያቆም እሳቸውም ያውቁታል፤ ሆኖም ሰው ፍጥነት ሲያምረው ሰሌዳ አያነብም።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ከመንካታችን በፊት ሆዷን እንየው» አልኳቸው።

«ሆዷ ምን ሆነ? አንድ ጠብታ አታስገባም እኮ!»

«ማስገባቷን አይደለም፣ ቀጥ ማለቷን ነው።»

እኔ ሙያዬ የመኪና ቦዲ ነው። ተክለሃይማኖት አካባቢ ላሜራ ሳቃና አድጌ እዚህም እንጀራዬ እሱው ነው። የጀልባን ሆድ ማቃናት ከመኪና በር ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ በር ቢጎብጥ የሚያየው ዓይን ብቻ ሲሆን የጀልባ ሆድ ሲጎብጥ ግን ውሃው ያስከፍላል።

ያው ቅዳሜ፣ ከሥራው በፊት የተለካ ፍጥነት

ምንም ሳንነካ በፊት አሁን ያለችበትን መያዝ ነበረብን፤ አለዚያ በኋላ «ተሻላት» የሚለው ወሬ ብቻ ይሆናል። ፎርት ዋሽንግተንና ማውንት ቨርነን መካከል ያለው የፖቶማክ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃውም ጸጥ ይላል። ወንዙ ከዋሽንግተን በታች የባሕር ሙላትና ጉድለት ስለሚሰማው ውሃው ራሱ ይጓዛል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተለካ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በጂፒኤስ ወደ ታችም ወደ ላይም ለክተን አማካዩን ያዝን። ግማሽ ታንክ ነዳጅ፣ ሁለት ሰው፣ ያው ፕሮፔለር።

ወደ ታች 53.1፣ ወደ ላይ 51.5፤ አማካዩ 52.3 ማይል፣ ማለትም 84 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ። ሞተሩ በደቂቃ 5,600 ዙር ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ትጠቅማለች። የፕሮፔለሩ ፒች፣ ማለትም ሳይንሸራተት በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት፣ 21 ኢንች ነው፤ የታችኛው ማርሽ 1.86 ለ1፣ ሞተሩ 1.86 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ ይዞራል። 5,600ን በ21 አባዝቼ፣ ለ1.86 ከዚያም ኢንች በደቂቃን ወደ ማይል በሰዓት ለሚቀይረው 1,056 ሳካፍለው 59.9 ማይል ይመጣል። ፕሮፔለሩ ጣውላ ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ምንም ሳይንሸራተት ቢሽከረከር የምትሄደው ይህን ያህል ነበር። ከዚያ ላይ ወደ 13 ከመቶ የሚጠጋው ጠፍቷል። ለዚህ ዓይነት ቀላል ጀልባ ይህ ብዙ ነው፤ አንድ የሚጎትታት ነገር አለ ማለት ነው።

ሌላም መመዘኛ አለ። በ1924 የጎልድ ካፕ የጀልባ ውድድርን ያሸነፈችውን ቤቢ ቡትሌገርን የነደፈው ጆርጅ ክራውች የተወው ስሌት ነው፦ ሙሉ ክብደትን በፓውንድ ለፈረስ ጉልበት ታካፍላለህ፣ ካሬ ሩቱን ታወጣለህ፣ በፍጥነቱ ታባዛዋለህ። የእኛ ጀልባ ሰውና ነዳጅ ይዛ 2,150 ፓውንድ ገደማ ስለምትመዝን ውጤቷ 198 ሆነ። ለተራ የመዝናኛ ጀልባ ደህና ቁጥር ነው። ይቺ ግን በሆዷ መሃል ጠፍጣፋ ፓድ ተደርጎላት ለፍጥነት የተሠራች ናት፤ ከ210 በላይ ይጠበቅባታል።

ሙሉ ፍጥነት ላይ ወለሉ ላይ ያስቀመጥነው ዲጂታል ውሃ ልክ 2 ዲግሪ አካባቢ ነበር የሚያሳየው። ጋሼ ሞተሩን በትሪም ቁልፍ የቱንም ያህል ወደ ውጭ ቢገፉት አፍንጫዋ አልነሳ አለች። ይቺን ምልክት ይዤ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት።

ማርች መጨረሻ፣ ግልበጣ

ሞተሩን በሰንሰለት ማንሻ አወረድነው። ጀልባዋን ደግሞ አሮጌ ጎማ ሣሩ ላይ ደርድረን፣ ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ በወገቧ አሳልፈን፣ ጓደኛ ሰብስበን ገለበጥናት። ያለ ሞተር ከ450 ኪሎ ስለማትበልጥ ሰው ካለ ማሽን አያስፈልግም። አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ሲል ጋሼ «አንተ! መጀመሪያ ያዝ!» ብለው የጮኹት ጩኸት መንገድ ማዶ ተሰምቷል። ክፍያው ቁርጥ ሥጋ ነበር።

ከሥር ሆኖ በጀርባ ተኝቶ መሥራትም ይቻላል፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል። ግን ስቱኮ ወደ ላይ ሲለጠፍ ይንጠባጠባል፣ አቧራው ዓይን ላይ ይወርዳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጀርባ ተኝቶ ቀጥታ መስመር ማየት አይቻልም። መገልበጥ ይሻላል።

ኤፕሪል መጀመሪያ፣ መለካት

ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህ ነው፤ ጊዜውንም የበላው እሱ ነው።

ግንበኛ ልስን የሚያስተካክልበት ዓይነት ስታጃ ያዝኩ፤ አሉሚኒየም፣ 1.8 ሜትር ርዝመት። መጀመሪያ ስታጃው ራሱ ቀጥ ማለቱን አረጋገጥኩ፦ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ በጠርዙ መስመር ማስመር፣ ገልብጦ በዚያው መስመር ላይ እንደገና ማስመር፤ ሁለቱ መስመሮች ካልተለያዩ ደህና ነው። ከዚያ የጀልባዋን ሆድ ከኋላ ግድግዳዋ ጀምሮ ወደ ፊት፣ ከመሃሉ ግራና ቀኝ፣ በእርሳስ መስመር መስመር አደረግሁት። በየመስመሩ ላይ ስታጃውን በርዝመቱ አስቀምጬ ከሥሩ ያለውን ክፍተት በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ለካሁ።

ለጠባቡ ክፍተት የቫልቭ ክፍተት የሚለካበትን ስስ ብረት ተጠቀምኩ፤ ለሰፊው የትራፓኖ ፑንታ። ባለ 3.5 ፑንታ ከገባና ባለ 4 አልገባም ካለ ክፍተቱ ታወቀ። ቁጥሩን እዚያው ሆዷ ላይ በማርከር ጻፍኩት። ሲያልቅ ጀልባዋ በቁጥር ተሸፍናለች፤ ወረቀት ላይ ከመያዝ ይህ ይሻላል፤ በኋላ የብርጭቆ ወረቀት ስትይዝ ቁጥሩ እጅህ ሥር ነው።

የተገኘው ይህ ነው። ከኋላ ግድግዳዋ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ፊት፣ በቀኝ በኩል 4 ሚሊ ሜትር የሚያህል ሰርጎ የገባ ቦታ አለ። በግራ በኩል ያው ቦታ ላይ 2.5። ከዚያ አልፎ ወደ ፊት ሲኬድ፣ ውስጥ ያለው አግድም ግድግዳ ባረፈበት ላይ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ጉብታ። የቪ-ሆዷን ሁለት ክንፎች ዘንበል ስለካ ደግሞ ግራው 18.2 ዲግሪ፣ ቀኙ 17.6። ጋሼ «ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፣ ባትሪው ነው» ይሉ የነበረው ነገር ባትሪው አልነበረም።

የኋለኛው ጠርዝ፣ ውሃው ሆዷን ለቆ የሚወጣበት፣ ሹል መሆን ሲገባው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ክብ ነው። ይህ የፋብሪካ ነው፤ ጄልኮት የሚባለው የላይኛው ሽፋን ሹል ማዕዘን ላይ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅና ጀልባውን ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ለማውጣት ስለሚያስቸግር አብዛኛው ፋብሪካ ክብ አድርጎ ነው የሚያመርተው።

4 ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል?

ጋሼ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። «አራት ሚሊ ሜትር? የጥፍር ውፍረት!»

ጀልባ በፍጥነት ስትሄድ የሚይዛት እንደቆመችበት ጊዜ የምትገፋው ውሃ መጠን አይደለም፤ ሆዷ ውሃውን ወደ ታች እየገፋ የሚያገኘው ግፊት ነው። በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር የሚመጣን ውሃ ፊት ለፊት ብትገታው በካሬ ሜትር ወደ 28 ቶን የሚጠጋ ጫና ያሳርፋል። በዚህ ጫና ላይ የአንዲት ዲግሪ ክፋይ የምታህል መታጠፍም ትታያለች። እኛ ያገኘነውን ዓይነት ወደ ውስጥ የሰረገ ሆድ እዚህ ሁክ ይሉታል። ከጉድጓዱ በኋላ ያለው ቁራጭ ወደ ታች ያዘመመ ስለሆነ ውሃው ይገፋዋል፤ ጅራቷን ያነሳል፣ አፍንጫዋን ይደፋል። አፍንጫዋ ሲደፋ የሚርሰው የሆድ ስፋት ይጨምራል፤ የሚርስ ስፋት ማለት ደግሞ ፍጭት ነው።

ኒው ጀርሲ በሚገኘው ስቲቨንስ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ዳንኤል ሳቪትስኪ በ1964 ያሳተመው ስሌት እስከ ዛሬ የነዳፊዎች መነሻ ነው። ከእሱ ስንነሳ፣ ውሃ ላይ ለሚንሸራተት ሆድ ጉተታው የሚያንሰው ዝንባሌው 4 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ሲያንስ ፍጭቱ ይበዛል፣ ሲበልጥ ደግሞ ጀልባው ውሃውን መግፋት ይጀምራል። እኛ 2 ላይ ተቸንክረን ነበር።

የተገላቢጦሹ ችግር ሮከር ነው፤ ሆዱ ወደ ውጭ ሲጎብጥ። ያኔ ውሃው ጉብታውን ተከትሎ ሲታጠፍ ጅራቷን ወደ ታች ይስባል፤ ጀልባዋም አፍንጫዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች መዝለል ትጀምራለች። በነገራችን ላይ ሁክ ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም። ይህን ዝላይ ለማስቀረትና ጀልባው ቶሎ እንዲነሳ ሲሉ ሆን ብለው ትንሽ የሚጨምሩ ሠሪዎች አሉ። የእኛ ግን በቀኝና በግራ ስለማይመሳሰል ሆን ተብሎ የተሠራ አይደለም።

ታዲያ ከየት መጣ? ተጎታቹን ሄጄ አየሁት። ጀልባዋ የምትተኛባቸው ምንጣፍ የለበሱ ሁለት ጣውላዎች ከኋላ ግድግዳዋ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀራቸው ያበቃሉ። 190 ኪሎ የሚጠጋ ሞተር ከዚያ በኋላ ተንጠልጥሎ፣ በየጉድጓዱ እየነጠረ፣ ለዓመታት ተጎትቷል። ቀኙ ጣውላ ደግሞ ከግራው ከፍ ያለ ነው። የጣውላው ጫፍ ሆዷን ወደ ውስጥ ገፍቶታል፣ ሞተሩ ጅራቷን ወደ ታች አጥፏታል። የጉድጓዱ ቦታና የጣውላው ጫፍ ልክ ለልክ ናቸው።

ሰው ፓርኪንግ ውስጥ የቆመ ጀልባ ሊገዛ ሲሄድ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ መቀመጫውን ይዳስሳል። ጎንበስ ብሎ ጣውላው የት እንደሚያልቅ የሚያይ አላጋጠመኝም።

ኤፕሪል አጋማሽ፣ መላጥ

የመጨረሻው ሜትር ተኩል ላይ ያለውን ጄልኮት አነሳሁት። በሙሉ ፍጥነት ጀልባዋ የምትሄደው በዚያ ላይ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ወደ ፊት መልፋት ትርፍ የለውም። ባለ 36 ብርጭቆ ወረቀት በግራይንደር፤ በጣም ጠፍጣፋ አድርጎ መያዝ፣ አንድ ቦታ አለመቆም። የፋይበር ግላስ አቧራ ቀልድ አይደለም። ሙሉ ማስክ ከነማጣሪያው፣ እጅጌው በፕላስተር የታሰረ ቱታ። ያም ሆኖ ማታ ክንዴን ሳሳክክ ነው ያደርኩት፤ ቀዝቃዛ ሻወር ከሙቅ ይሻላል።

በግራ በኩል ከጄልኮቱ ሥር አሮጌ ጥገና ብቅ አለ፤ መዳፍ የሚያህል፣ በመኪና ስቱኮ የተሞላ። የመኪና ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፤ ጀልባ ሆድ ላይ ቦታ የለውም። በጥፍሬ ስጫነው ገባ። ሁሉንም አውጥቼ ቦታው እስኪደርቅ የማሞቂያ አምፖል አድርጌበት ተውኩት። በፋይበር ጨርቅና በኢፖክሲ፣ ከማጠንከሪያው ጋር ሲደባለቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ ንብርብር አድርጌ መልሼ ሞላሁት።

ጉብታውን መፋቅ፣ ጉድጓዱን መሙላት ይላል ቀጥተኛው ሐሳብ። ግን መፋቁን ቸል አልኩት፤ የሆዱ ውፍረት እዚያ ላይ ስንት እንደሆነ ሳያውቁ መፋቅ አጥንት ማሳሳት ነው። ጉብታውን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ አልነካሁትም፤ ሌላውን በዙሪያው በመሙላት አስተካከልኩት። መሙላት ክብደት ይጨምራል፤ ግን ሁለት ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ 2 ሚሊ ሜትር ማለት አራት ሊትር ነው። አራት አምስት ኪሎ ጋሼ ቁርስ ካልበሉ ይካካሳል ብያቸዋለሁ።

ኤፕሪል መጨረሻ፣ መሙላት

ኢፖክሲ ነው የመረጥኩት። ጀልባዋ ራሷ የተሠራችበት ሙጫ ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ከአሮጌ ፖሊስተር ጋር ያን ያህል አይያያዝም፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ኢፖክሲ በደንብ ይይዛል፣ ብዙም አይኮማተርም። መወፈሪያው ለሰፊው ቦታ ሲሊካና ጥቃቅን የብርጭቆ ኳሶች፣ ለጠርዝ ደግሞ ሲሊካና የተፈጨ የብርጭቆ ክር። ኳሶቹ ለመፋቅ ይቀላሉ፣ ግን ጠርዝ ላይ ይፈረፈራሉ።

ውፍረቱ ከጣት ላይ የማይወርድ ሲሆን ይበቃል። በሰፊ ስፓቱላ ቀብቼ፣ ወዲያው ስታጃውን በፕላስተር ሸፍኜ ከፊት ወደ ኋላ ጎተትኩት። ልስን የሚሠራ ሰው አይቶ የሚያውቅ ይህን ያውቀዋል፦ ስታጃው ሁለቱ ጥሩ ቦታዎች ላይ እያረፈ መሃሉን ይሞላል። በአንድ ጊዜ አይደርስም። መጀመሪያው ንብርብር ጉድጓዱን ያሳንሳል፣ ሁለተኛው ያስተካክላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የዓይን ሥራ ነው።

ሌሊቱ 8 ዲግሪ ይወርድ ስለነበር ኢፖክሲው ማጠንከሪያው ፈጣኑ ቢሆንም አልደርቅ ብሎ አስቸገረ። ጀልባዋን በፕላስቲክ ድንኳን ሸፍነን ማሞቂያ አስገባንበት። ጠዋት ላይ እላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ያወጣል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ሲሆን ይብሳል። ይህ ቅባት ሳይታጠብ ብርጭቆ ወረቀት ከተደረገ ወረቀቱን ይዘጋዋል፣ ቀጣዩም ንብርብር አይይዝም። አሴቶን ሳይሆን ለብ ያለ ውሃና አረንጓዴው የድስት መፈግፈጊያ ነው የሚያነሳው። ጋሼ በዚህ ጎበዝ ሆኑ፤ ለወይዘሮዋ ወጥ ቤት መፈግፈጊያ ያልተረፈ እስኪመስል።

መፋቁ በረዥም ሰሌዳ ነው፤ አንድ ሜትር የሚሆን፣ ሁለት እጀታ ያለው። በእጅ። ማሽን አልጠቀምም፤ ማሽን ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል፣ ረዥም ሰሌዳ ግን ጉድጓዱን ዘልሎ ጉብታውን ብቻ ይበላል። ጥቁር ዱቄት ቀለም በስሱ ትነሰንስበታለህ፤ ሰሌዳውን በሰያፍ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ስታመላልሰው ጉብታው ይነጣል፣ ጉድጓዱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩን ትሞላለህ፣ ትጠብቃለህ፣ እንደገና። ስለ ትከሻዬ አትጠይቁኝ።

በመጨረሻ በሁሉም መስመር ላይ ከስታጃው ሥር ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነው ስስ ብረት የሚገባበት ቦታ አጣሁ። ክንፎቹ ሁለቱም 18 ዲግሪ።

ሜይ መጀመሪያ፣ ጠርዙ

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ፍጥነት የሚያመጣው ይህ ነው። ውሃ ክብ ጠርዝ ሲያገኝ ተጣብቆ ይታጠፋል፤ ጀልባዋን ለቆ ከመሄድ ይልቅ በኋላ ግድግዳዋ ላይ ይወጣል፣ ሲታጠፍም ይስባታል። ሹል ጠርዝ ሲያገኝ ግን ይለቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ቁራጭ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ጠቀለልኩ፤ ኢፖክሲ እሱ ላይ አይጣበቅም። ቁራጩን የኋላ ግድግዳዋ ላይ አስጠግቼ፣ ከሆዷ ልክ ጋር እኩል አድርጌ፣ በሞርሳ አሰርኩት። በዚህ ጊዜ ክቡ ጠርዝና አሉሚኒየሙ መካከል ትንሽ ቦይ ይፈጠራል። ቦዩን መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ ቀባሁት፣ ከዚያ የብርጭቆ ክር ያለውን ወፍራሙን እስከ አፉ ሞላሁት፣ ስታጃ ሳብኩበት። በማግስቱ ሞርሳውን ስፈታ አሉሚኒየሙ ራሱ ወደቀ፤ ጠርዙ ወረቀት የሚቆርጥ ሆኖ ተገኘ። ትንሽ በ220 ወረቀት ዳሰስኩት፤ እጅ እስኪቆርጥ ድረስ መተው ተጎታች ላይ ሲወጣ መሰበርን ይጋብዛል።

በርዝመቷ ላይ ያሉትን ሸንተረሮችም የውጭ ጠርዛቸውን እንዲሁ ሹል አደረግኋቸው፤ የኋለኛውን ግማሻቸውን ብቻ። ፊት ለፊቱ በፍጥነት ጊዜ አየር ላይ ነው። መሃል ያለውን ፓድ ጠፍጣፋ አደረግሁት፣ ሁለቱን ጎኖቹን ሹል። ከፓዱ ፊት ለፊት ተንጠልጥሎ የነበረውን የጥልቀት መለኪያ ወደ ጎን አዛወርነው፤ እዚያ ሆኖ ፕሮፔለሩ ላይ አረፋ ነበር የሚያፈስሰው።

የመጨረሻው ገጽ

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ተጋጨን። «መስታወት አድርግልኝ፤ ፊቴ ይታየኝ» አሉ። መኪና ቢሆን አደርግላቸው ነበር። በዚህ ፍጥነት ግን ሆዱን ተጠግቶ የሚሄደው ስስ የውሃ ንብርብር ውፍረቱ 5 ማይክሮን ገደማ ነው። ሻካራነቱ ከዚያ ካነሰ ውሃው አያውቀውም፤ ከዚያ በላይ ማለስለስ ለዓይን ነው። ሁለት ዓይነት ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በላዩ ባለ ሁለት ኪት ፖሊዩረቴን ቀለም፣ ከዚያ በውሃ 400 ወረቀት ከፊት ወደ ኋላ። ጄልኮት አልመለስኩም፤ ኢፖክሲ ላይ ጄልኮት እንደ ልብ አይይዝም፤ ጀልባዋ ደግሞ ተጎታች ላይ ነው የምትኖረው፤ ቀለሙ ይበቃታል።

«ታዲያ ደብዝዛ ትቅር?» ብለው ተኮሳተሩ። ጎንና ጎኗን አብለጭልጬላቸው ታረቅን።

የጠለቀውን ቪ-ሆድ ስመለከት አንድ ነገር ይገርመኛል። ሬይ ሃንት የነደፈው ይህ ቅርጽ ስሙ የወጣው በ1960 ከማያሚ እስከ ናሳው በተደረገው ውድድር ዲክ በርትራም ሞፒ በምትባለው ጀልባ ሲያሸንፍ ነው፤ ባሕሩ ተናውጦ ሌሎቹን ያዘገያቸው ቀን ነበር። ቅርጹ ማዕበል ይቆርጣል እንጂ በጸጥተኛ ውሃ ላይ ከጠፍጣፋ ሆድ ፈጣን አይደለም። ዘንበሉ በጨመረ ቁጥር ለተመሳሳይ ማንሳት ብዙ ስፋት ይርሳል። መሃል ላይ ያለው ፓድ የመጣው ሁለቱን ለማስታረቅ ነው፦ ሻካራ ውሃ ላይ ቪ፣ ሙሉ ፍጥነት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚያስኬድ። ፓዱ ጎድጉዶ ከሆነ ግን የተከፈለለት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሜይ አጋማሽ፣ ተጎታቹ

ጀልባዋን ከመመለሳችን በፊት ጣውላዎቹን በረዥም ቀየርናቸው፤ ከኋላ ግድግዳዋ አምስት ሳንቲ ሜትር አልፈው ይወጣሉ። ቁመታቸውን በውሃ ልክ እኩል አደረግን። ሞተሩ በመንገድ ላይ ክብደቱ ግድግዳዋ ላይ እንዳይንጠለጠል ከታችኛው ማርሽ እስከ ተጎታቹ የሚደግፍ ዘንግ ተገጠመ። ይህ ሳይሠራ ሆዱን ማቃናት ገንዘብ ማቃጠል ነበር።

ጁን መጀመሪያ፣ ውሃ ላይ

ያው ቦታ፣ ያው ነዳጅ፣ ያው ሁለት ሰው፣ ያው ፕሮፔለር። በበጋው መሃል ሃይድሪላ የሚባለው አረም ዳር ዳሩን ሞልቶ ፕሮፔለር ስለሚጠመጠም ቶሎ መውጣታችን ጥሩ ሆነ።

አማካዩ 55.6 ማይል፤ ወደ 89 ኪሎ ሜትር ተኩል። ሞተሩ 5,750። በዚያው ስሌት ፕሮፔለሩ ላይ የሚጠፋው ከ10 ከመቶ በታች ወረደ። ውሃ ልኩ 3.5 ዲግሪ አለ። ማዘንበሉ የለም፤ ጋሼ ባትሪው ባለበት ቦታ እንዳለ ሁለቴ አዩት።

ኋላ ዞሬ ጠርዙን ተመለከትኩ። በፊት የኋላ ግድግዳዋን እየላሰ ይወጣ የነበረው ነጭ ውሃ የለም፤ ንጹሕ መስመር ሆኖ ነው የሚለቀው።

ሆዷ ስለተስተካከለ ሞተሩ ከፍ ሊል ይችላል። የሞተር መስቀያ ቀዳዳዎች 19 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ አንድ ቀዳዳ ከፍ አደረግነው። የውሃ ግፊት መለኪያውን እያየን፤ ማቀዝቀዣ ውሃ ካልሳበ ሞተሩ ይቃጠላል። ግፊቱ አልወረደም። 57.1 ማይል፣ 5,900 ዙር። በክራውች ስሌት 216 ሆነ።

ጋሼ ሲመለሱ አልተናገሩም፤ ስልካቸውን አውጥተው ጂፒኤሱን ፎቶ አንስተው ወንድማቸው ዘንድ ላኩ። ባለ 200 ሞተር ወሬው ቀርቷል፣ ቢያንስ ለዚህ ዓመት።

ያልተጠናቀቀው

የተቃናች ጀልባ ይቅር ባይ አይደለችም። ሁክ አፍንጫዋን ደፍቶ ይይዛት ስለነበር ጋሼ ትሪሙን ሙሉ በሙሉ ገፍተው ነው የለመዱት፤ አሁን እንደዚያ ሲያደርጉ በመካከለኛ ፍጥነት መዝለል ትጀምራለች። ቀስ በቀስ ማውጣት ይኖርባቸዋል። ከ55 ማይል በላይ ስትሆን ደግሞ ፓዱ ላይ ብቻ ስለምትቆም ከጎን ወደ ጎን መወላወል ይመጣል፤ ነጂው በመሪ ሊያስተካክል ሲል መሪው ላይ ያለው ልቅነት ያባብሰዋል። የእኛ ገመድ መሪ ሁለት ጣት ያህል ልቅነት አለው።

ስለዚህ ሃይድሮሊክ መሪ ታዟል። እስኪገባ ድረስ ከ50 ማይል በላይ እንደማይነዱ ቃላቸውን ሰጥተውኛል። ሞተር ማጥፊያውን ገመድ ክንዳቸው ላይ ማሰሩንም፤ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ለሆነ ጀልባ በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው፣ ጋሼ ግን እስከ ዛሬ መሪው ላይ አንጠልጥለውት ነበር የሚሄዱት።

ሴፕቴምበር ላይ ሞተሩ ሲወርድ ስታጃውን ይዤ እመለሳለሁ። ቀኙ ጎን፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ መጀመሪያ እዚያ ነው የማስቀምጠው።